ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ፦ ወደ ህንድ ለትምህርት ለሚሄዱ ልጆች ያደረግኩት ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ይሰማል? እሺ፣ ማይኩ ትንሽ ይጮሃል፣ ታገሱኝ።

ከኔ በፊት የተናገሩት ልጆች ስለ ቪዛው፣ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ሲም ካርዱ፣ በርበሬና ሽሮ ስንት ኪሎ ያዙ የሚለው ሳይቀር ጨርሰውታል። ለኔ የደረሰችኝ "ቤተመቅደስ ስትጎበኙ" የምትል ርዕስ ናት። ሲነግሩኝ ሳቅኩ፣ ምክንያቱም እኔ የሃይማኖት ሰው አይደለሁም አስጎብኚም አይደለሁም፣ ቪሻካፓትናም (እኛ ቫይዛግ ነው ምንላት) ሁለት አመት ማስተርሴን ስማር በየእረፍቱ ጓደኞቼ ገጠር እየሄድኩ ስሳሳት የከረምኩ ሰው ነኝ። ምናልባት የጠሩኝም ለዛ ይሆናል፣ ስህተቱን አስቀድሜ ስለጨረስኩላችሁ።

አንድ ነገር ላጥራ፣ ስለ ትልልቆቹ የሂንዱ ቤተመቅደሶች አላወራም። ቲሩማላ ብትሄዱ ሰልፉ በብረት አጥር ነው፣ ጫማና ስልክ ማስረከቢያው በቁጥር ነው፣ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ደሞ ወረቀት ላይ ፈርሞ ነው ሚገባው። ፑሪ ያለው ጃጋናት ወይ ኬረላ ያለው ጉሩቫዩር ብትሄዱ ሂንዱ ካልሆናችሁ አትገቡም፣ ትመለሳላችሁ፣ አለቀ። እዛው ቫይዛግ ዳር ሲምሃቻላም ሚባል ኮረብታ ላይ ቪሽኑ ሚሉት አምላክ ምስል አለ፣ አመቱን ሙሉ በተፈጨ የሰንደል እንጨት ተለብጦ ይቆይና በአመት አንዴ ብቻ ሰንደሉ ተነስቶ መልኩ ይታያል፣ ያን ቀን ሚመጣውን ህዝብ አትጠይቁኝ። እነዚህ ቦታዎች ላይ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ቦርዱ፣ ፖሊሱ፣ ሰልፉ ራሱ ይነግራችኋል።

እኔ ማወራው ቦርድ ስለሌለው ነው። ከሩዝ ማሳ መሃል ያለች፣ ከአንድ ክፍል ቤት የማትበልጥ፣ ግድግዳዋ ቢጫና ቀይ የተቀባ፣ ደጇ ላይ አንድ የኒም ዛፍ የቆመባት። ቲኬት የለም፣ ጋይድ የለም፣ እንግሊዝኛ ሚባል ነገር የለም። ያለው ሰው ነው፣ ቁልፉን የያዘው ካህን፣ ደጁን ምትጠርግ አሮጊት፣ ከትምህርት ቤት የቀሩ ሶስት ልጆች። ህጉም ያለው እነሱ ጋ ነው፣ የትም አልተለጠፈም።

መጀመሪያ ሊገባችሁ ሚገባው ነገር ይሄ ነው፣ ቤቱ ሰው አለበት። እንደነሱ እምነት ውስጥ ያለው ምስል ጌጥ ወይ መታሰቢያ አይደለም፣ ሲተከል ጸሎት ተደርሶ ህይወት የገባበት ነው፣ ስለዚ ጠዋት ይቀሰቀሳል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ ከሰአት ያርፋል፣ ማታ ይተኛል። እኔ ይሄን ሳላውቅ በኛ ሰአት ከቀኑ ሰባት ሰአት ላይ ሄጄ የብረት በሩን ሳንኳኳ፣ ኧረ መነቅነቅ ነው ሚባለው፣ ስነቀንቅ አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ ሁለት እጁን ጉንጩ ስር አድርጎ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አሳየኝ። ተኝቷል! ካህኑ መስሎኝ ነበር። ካህኑማ ሻይ ቤት ነበር። ብዙዎቹ እኩለ ቀን ገደማ ይዘጉና አስር ሰአት አካባቢ ነው ሚከፍቱት፣ እናንተ ጠዋት ከሶስት ሰአት በፊት ሂዱ፣ ለሌላም ጥቅም አለው፣ ጫማ አውልቃችሁ በዛ ጥቁር ድንጋይ ላይ እኩለ ቀን ላይ መራመድ ምጣድ ላይ መቆም ነው።

ጫማ ማውለቁን ለሀበሻ አላስተምርም፣ ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም አስለምዶናል። ልዩነቱ በእጅ ወይ በቦርሳ ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ ውጭ ነው ሚቀረው፣ አንዳንድ ቦታ የቆዳ ቀበቶና ቦርሳም አይወዱም። አለባበስ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ በቃ። እህቶች ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ ይጠቅማችኋል፣ ግን ከላይ እስከታች ድፍን ነጭ ባትለብሱ ይሻላል፣ እዛ አካባቢ ነጭ ድሮ የባል የሞተባት ሴት ልብስ ስለነበር አንዷ ጓደኛችን የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ ሄዳ መንደሩ ሴቶች አዝነው እጇን ይዘው አፅናኗት፣ ሃያ ሶስት አመቷ ነው፣ እጮኛ እንኳ የላትም። (ኬረላ ከሄዳችሁ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ የበአል ልብሳቸው ነጭ ሆኖ ወርቅማ ጥለት ያለው ነው፣ የኛን ጥበብ ለብሳችሁ ብትቆሙ ከነሱ ማን ይለያችኋል።)

እሺ አሁን የራሴን ልናገር። የክፍሌ ልጅ ለሳንክራንቲ ገጠር ይዞኝ ሄደ፣ ሳንክራንቲ የአዝመራ በአላቸው ነው፣ ጥር መግቢያ ላይ ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 14 ገደማ፣ ለጥምቀት አምስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው፣ ጥምቀት ስላመለጠኝ ሆዴ ባብቶ ነበር መሰለኝ እሺ ያልኩት። በየቤቱ ደጅ ላይ ሴቶቹ በነጭ ዱቄት ትልልቅ ሀረግ ይስላሉ፣ ሙጉ ይሉታል፣ መሃሉ ላይ አበባ የተሰካበት የእበት ኳስ ያስቀምጣሉ። እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ እየሄድኩ አንዱን ሙጉ መሃል ለመሃል ሰንጥቄው አለፍኩ። ከንጋት ጀምራ ስትስለው የቆየችውን ነው። ልጅቷ አልተቆጣችም፣ ዱቄቷን ይዛ መጥታ የረገጥኩበትን ቦታ ዝም ብላ ሞላችው፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዛ ቤተመቅደሱ ጋ ደረስን። የበሩ መድረክ በእርድ ቢጫ ተቀብቶ ቀይ ነጠብጣብ ተደርጎበታል፣ እሱን ተሻግራችሁ ነው ምትገቡት፣ አይረገጥም። ዙሪያውን ስትዞሩ ቤቱ በቀኛችሁ ይሁን፣ ሺቫ ሚሉት አምላክ ቤት ከሆነ ደሞ ፊት ለፊቱ የተኛ የድንጋይ በሬ አለ፣ ናንዲ ይባላል፣ አይኑን ከሺቫ ላይ አይነቅልም፣ በመሃላቸው አትለፉ፣ ሁለት ሰው ሲያወራ በመሃል እንደማታልፉት ማለት ነው። ሰዎቹ ናንዲ ጆሮ ላይ ጠጋ ብለው ጉዳያቸውን ሲያንሾካሹኩ ታያላችሁ፣ እሱ ያደርስላቸዋል፣ አትሳቁ፣ እኛም አማላጅ እናውቃለን።

የውስጠኛው ክፍል በር ጋ ስትደርሱ እዛው ቁሙ። ከዛ ካህኑ ብቻ ነው ሚገባው። ለኛ ይሄ ሊከብደን አይገባም፣ ቅድስተ ቅዱሳን ማን እንደሚገባ እናውቃለን። ካህኑን ቴሉጉ አገር (ቴሉጉ የነ ቫይዛግ ቋንቋ ነው) ፓንቱሉ ጋሩ ነው ሚሉት፣ ጋሩ ማለት ያው እንደኛ አንቱታ ነው፣ ስም ላይ ይቀጠላል፣ እሷን አንዲት ቃል ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ካህኑ በትንሽ ማንኪያ ቅዱስ ውሃ እያዞረ ይሰጣል፣ ቲርታም ይባላል፣ በመዳፍ ተቀብሎ ፉት ብሎ የቀረውን ራስ ላይ ማድረግ ነው። ቀኝ እጄ ስልክ ይዟል፣ ግራዬን ዘረጋሁ። አጠገቤ የቆመች የጓደኛዬ አያት፣ ቁመቷ ደረቴ ጋ ነው ሚደርሰው፣ እጄን ጠፍ! አደረገችና "ታፑ!" አለች። ስህተት ማለት ነው። ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ሳሪዋ ውስጥ ሻጠችው፣ ቀኝ እጄን ጎትታ አወጣች፣ ግራዬን ከስሩ ደገፈችው። አያችሁ፣ እኛም አገር ከትልቅ ሰው ስንቀበል በሁለት እጅ ነው አይደል፣ እናቴ ያስተማረችኝን ነው ሴትየዋ አምስት ሺ ኪሎሜትር ላይ ያስታወሰችኝ።

ከዛ የሆነውን ግን በደንብ ስሙኝ፣ እኔን ለሳምንታት ያበሳጨኝ ነገር ስለሆነ። ካህኑ አበባውን ሲሰጠኝ አላስነካኝም፣ ከላይ ነው የለቀቀው፣ እጄ ላይ ጠብ። ፊቴ ጋለ። በቃ ጥቁር ስለሆንኩ ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ከከተማም ባስ ላይ ሰው አጠገቤ መቀመጥ ሲጠላ ያየሁት ሁሉ መጣብኝ። ቀና ብዬ ሳይ ግን ለጓደኛዬም እንደዛው ነው የለቀቀለት፣ ለአያቱም፣ የሚያብረቀርቅ ሰአት ላደረገው የመንደሩ ሃብታምም። ጓደኛዬ ማታ ነገረኝ፣ ካህኑ ታጥቦ ከነጻ በኋላ አገልግሎቱን እስኪጨርስ መዲ ላይ ነው ይባላል፣ የገዛ ልጁን እንኳ አይነካም። ስለዚ አትጨብጡት፣ ሰላም ስትሉት መዳፋችሁን ደረታችሁ ላይ ገጥማችሁ ናማስካራም በሉ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አያልቅም፣ ነገሩን አሳምሬ ብሸጥላችሁ ውሸት ይሆናል። ያው አለመነካካት ሌላ ፊት አለው። በፈረንጆቹ 1924 ኬረላ ውስጥ ቫይኮም ሚባል ቦታ ሰዎች ለወራት ሰላማዊ ሰልፍ ያደረጉት ቤተመቅደሱ ውስጥ ለመግባት እንኳ አልነበረም፣ በዙሪያው ባለው መንገድ ላይ ለመሄድ ነበር፣ ዝቅ ያለ ካስት፣ በዘር ሚወረስ መደብ ማለት ነው፣ ናቸው ተብለው ስለተከለከሉ። ቫይኮም ያኔ የነበረችበት የትራቫንኮር ግዛት ንጉስ ቤተመቅደሶቹን ለሁሉም ሂንዱ የከፈቱት 1936 ላይ ነው። 1950 የጸናው ህገመንግስታቸው አንቀጽ 17 ላይ ሰውን የማይነካ ማለትን ሰርዟል፣ ሆኖም ዛሬም ዳሊቶች፣ ማለትም ድሮ የማይነኩ ሚባሉት፣ ከደጅ ሚመለሱባቸው መንደሮች አሉ። እናም እናንተ የውጭ ሰው ሆናችሁ ሰተት ብላችሁ በገባችሁበት ደጅ፣ እዛው የተወለደ ሰው ውጭ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ምን አድርጉ ነው ምትለን ካላችሁኝ፣ ተከራከሩ አልላችሁም፣ ግን እዩ። ማን ውስጥ እንዳለ ማን ደጅ እንደቀረ እዩ፣ አንዳንዴ ደጅ መቆም ራሱ ጥሩ ቦታ ነው።

ደሞ እኛም ንጹህ አይደለንም። ሸክላ ሰሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን ምን እያልን እንዳደግን እናውቃለን፣ ቡዳ ነው አትዩት። ደቡብ ህንድ ያለው ታሚልናዱ ክልል ሄጄ ግን ምን አየሁ መሰላችሁ፣ ከመንደር ዳር ሰው የሚያክል፣ ከሰውም የሚበልጥ የሸክላ ፈረስ በሰልፍ ቆሟል፣ አያናር ሚባለው ጠባቂ አምላክ ሌሊት እየጋለበ መንደሩን ይዞርበታል ይላሉ። ፈረሱን ሚሰሩት ቬላር የሚባሉ ሸክላ ሰሪዎች ናቸው፣ እና ብዙ ቦታ ካህኑም ራሳቸው ናቸው! ጭቃ የነካው እጅ ነው ሚባርከው። እኔ የአንዱን ፈረስ እግር አጠገብ ቆሜ የሰፈራችንን ጀበና ምትሸጥ ሴትዮ አስታወስኩ፣ እናቴ ዋጋ ስትከራከራት እንጂ ቡና ስትጠራት አይቼ አላውቅም። (እነዚ ፈረሶች አሮጌዎቹ እዛው ነው ሚፈርሱት፣ አይጠገኑም፣ ስባሪ አይታችሁ የተጣለ መስሏችሁ ለማስታወሻ እንዳታነሱ፣ የተሰጠ ነገር ነው።)

የመንደር ቤተመቅደስ ብዙ ጊዜ የሴት ናት። ቴሉጉዎቹ አማቫሩ ይሏታል፣ እማማ እንደማለት፣ እና ድሮ ፈንጣጣ ሲገባ ራሱ በሽታውን በሷ ስም ነበር ሚጠሩት፣ እማማ መጣች ብለው፣ ስድብ እንዳይመስልባቸው፣ በሩ ላይም የኒም ቅጠል ይሰቅላሉ። ኒሙ አሁንም ተሰቅሏል፣ ጉድጓድ ፊት ያላቸው ሽማግሌዎችም አሁን ድረስ ተቀምጠዋል። ህንድ የመጨረሻዋን ታማሚ ያየችው 1975 ነው፣ እኛ ደሞ ኦገስት 1976፣ የመጨረሻዋ ሶማሊያ ነበረች፣ 1980 ላይ ጠፋ ተባለ። ስለዚ ያን ቅጠል ስታዩ አጉል እምነት ነው ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት የናንተም አያት ፊት ላይ ምን እንደነበረ አስቡ። በአሏ ላይ ዶሮና ፍየል ሊታረድ ይችላል፣ ያው ለሀበሻ አዲስ አይደለም፣ ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ እንጂ።

አሁን ሁላችሁም ስትጠብቁት የነበረው ጥያቄ፣ አይናችሁ ላይ አየዋለሁ። ሚሰጠውን ምግብ እንብላ አንብላ? ፕራሳዳም ይባላል፣ ለአምላኩ ቀርቦ የተመለሰ ነው፣ ጎረምሳ ሆናችሁ በታማሪንድ (ጎምዛዛ ፍሬ ነው) የተሰራ ቢጫ ሩዝ ፑሊሆራ ሲሸታችሁ ፈተናው ቀላል አይደለም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ያነበባችሁ አላችሁ፣ ሙስሊም ወንድም እህቶችም ጥያቄው ያው ነው። እኔ ንስሃ አባት አይደለሁም ፈትዋም አልሰጥም፣ ውሳኔው የናንተ ነው። እኔ ምለው ውሳኔውን ሳህኑ ፊታችሁ ከመምጣቱ በፊት ወስኑት። ማትበሉ ከሆነ እጃችሁን ደረት ላይ አድርጋችሁ ጎንበስ ብላችሁ "ቫዳንዲ" በሉ፣ አልፈልግም በአንቱታ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ተቀብሎ ጥግ ሄዶ መጣል ግን ነውር ነው፣ ከተቀበላችሁ አጠገባችሁ ላለ ልጅ ስጡት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ደሞ ኡፓቫሳም በሉ፣ እነሱም ስለሚጾሙ በአንዴ ነው ሚገባቸው፣ እንደውም ትከበራላችሁ። ግን እውነት ሲሆን ነው! አንዱ ልጅ እምቢ ማለት ከብዶት በሄደ ቁጥር ጾም ነኝ እያለ ሴትየዋ በመጨረሻ ልጁ ታሟል ብላ ዶክተር ልትጠራ ነበር። ሌላ የጅማ ልጅ ነበር፣ ሙስሊም፣ ከመጀመሪያው ቀን እኔ ውስጥ አልገባም እዚህ እጠብቃችኋለሁ ብሎ ዛፉ ስር ካሉት ሽማግሌዎች ጋ ተቀመጠ። ከሁላችንም በላይ የወደዱት እሱን ነው፣ ምክንያቱም እኛ ስንዞር እሱ ከነሱ ጋ ነው የዋለው። ውስጥ መግባት ግዴታ አይደለም። ውስጥ ገብቶ ደሞ ስለ ጣዖት ምናምን በአማርኛ ማንሾካሾክ አይቻልም፣ ቋንቋ ባይገባቸውም ፊት ይገባቸዋል።

ፎቶ ስትጠይቁ ግቢውን አንሱ ሊሏችሁ ይችላሉ፣ የውስጠኛውን ክፍል ግን አትጠይቁም። ሌላ ደሞ ማንም የማይነግራችሁ ችግር አለ፣ መንደሩ ውስጥ ለመታየት የሄደው እናንተ ናችሁ። መብራቱ ሲዞር፣ ደወሉ ሲደወል፣ ልጆቹ ሁሉ ለአምላካቸው ጀርባ ሰጥተው የኔን ጸጉር ነበር ሚያዩት። ስለዚ ከኋላ ቁሙ፣ ግድግዳ ተጠግታችሁ፣ ሰልፊውን ደጅ ስትወጡ የፈለጉትን ያህል ተነሱላቸው።

ገንዘብ ስትሰጡ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ድፍን መቶ አይወዱም፣ ትርፍ ይኑረው ይላሉ፣ ቴሉጉዎቹ መቶ አስራ ስድስት ሩፒ፣ ሺ አንድ መቶ አስራ ስድስት እያሉ ነው ሚሰጡት። የሰጪው ስም ግድግዳ ላይ ይጻፋል፣ አንዱ ጋ ቬንቲሌተሩ ክንፍ ላይ ስም ተጽፎ አይቻለሁ፣ ሲዞር አይነበብም፣ መብራት ሲጠፋ ነው ሰውየው ሚመሰገነው።

አንድ ብቻ ልጨምር። ያን ቀን ካህኑ ለጸሎት ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ቀጠለና "ጎትራም?" አለ። የዘር ሃረግህ ከየትኛው ጥንታዊ አባት ነው ማለት ነው፣ ብዙ ሂንዱ ቤተሰብ የራሱን ያውቃል። እኔ ጓደኛዬን አየሁ፣ ጓደኛዬ መሬቱን አየ። ካህኑ ጺሙን አሸት አሸት አደረገና "ካሽያፓ" አለ፣ ጎትራውን ለማያውቅ ሰው ሚሰጡት ነው፣ የፍጥረት ሁሉ አባት ነው ስለሚባል ማንንም አያስቀርም። ከዛ በሳንስክሪት ሲያነበንብ መሃል ላይ የኔ ስም፣ አያቴ ያወጣችልኝ ስም፣ ብቅ አለ። እኛ ቄስ ጋ ስንሄድ ክርስትና ስምህ ማነው እንደሚሉን ማለት ነው፣ ለማን እንደሚጸልዩ ማወቅ አለባቸዋ። ለፈተና ነበር የጸለየልኝ። አለፍኩ፣ ግን አጥንቼም ነበር።

ወጥቼ ጫማዬን እየፈለግኩ ነው፣ አራት ሰአት ላይ ባስ አለ፣ እሷ ካመለጠችኝ ሌላ እስኪመጣ ሁለት ሰአት ነው። ታፑ ያለችኝ አያት ሸሚዜን ያዘች፣ "ኩርቾ ባቡ" አለች፣ ቁጭ በል ልጄ። ልማዳቸው ነው፣ ጸሎት አድርሰው ወዲያው አይሄዱም፣ ደረጃው ላይ ትንሽ ይቀመጣሉ። ተቀመጥኩ። ስልኬን ከሳሪዋ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ጓደኛዬን አንድ ነገር ጠየቀችው፣ ሳቀ። ምን አለች አልኩት። እናቱ እዚህ እንዳለ ታውቃለች ወይ አለች አለኝ። ደወልኩ፣ ቪዲዮ፣ እናቴ ቡና እየቆላች ነው፣ ሁለቱ ስክሪኑ ላይ እጅ እየተነሳሱ አንዷ በቴሉጉ አንዷ በአማርኛ እኔን ሲያሙ ባሷ ጥሩምባዋን እየነፋች አለፈች።

እሺ፣ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው?